ጥቁር ስምንት ማዕዘን

ሳን አንቶንዮ ወደብ፣ ሦስተኛው መጋዘን፣
እለጥፋለሁ እኔ ጥቁር ስምንት ማዕዘን።
መርከብ ያራገፈው ብስኩት፣ ቸኮላት
ሱቅ ከመግባቱ በፊት በእኔ አውራ ጣት
ግንባሩን ይመታል፤
"ስኳር የበዛበት"፣ "ጨው የበዛበት" ይባላል፣ ያልፋል።
በሰዓት ስድስት መቶ። ሙጫ በልቶት ጣቴን፣
መታወቂያ ላድስ ብሄድ ማሽን ካደ ማንነቴን።

የልጄ ልጅ ኤሎይሳ፣ ስድስት ዓመቷ ገና፣
ከተበላሸው ጥቅል ትርፉን ይዤላት ልምጣና
ማንበቢያዋ እሱ ሆነ።
"የ... በ... ዛ... በት" ስትል፣ ጣቷ ከቃል ቃል እየዘለለ፣
ጓዳዬን ጨረሰችው፦ ማርጋሪኑን፣ የዱቄት ሾርባውን፣ ያለውን የሌለ፤
"አያቴ፣ ይኼ ሁሉ በዝቶ፣ የቀረልን ምን አለ?"

"ዓሣ አለ፣" አልኳት፣ "ባቄላ፣ ዱባው አለ፤
ካሮቱን ተመልከች፣ አፈሩን እንዳዘለ፤
ራቁቱን የመጣ ምን ደብቆ ያውቃል?"
እሷ ግን ዓይኗ ሄዶ ሌላ ቦታ ወድቋል፤
ከአያቷ ወንበር ሥር፣ የካርቶን ወይን ላይ።
ጎኑን፣ ታቹን፣ ክዳኑን አገላብጣ ብታይ
ጥቁር ነገር የለም።
"ይኼኛውን ረሳሽው?"
ምን ልበላት ሌላ?
"በእኔ ጠረጴዛ አያልፍም፤ የወይን መንገዱ ሌላ።"

ባሌ ባውዲሊዮ መረብ ጠጋኝ ነው። ጠዋት እጁ ይርዳል፣
መርፌው ክሩን ያጣል፣
የመጀመሪያዋ ብርጭቆ ስትወርድ ግን ሁሉም ይበርዳል፣
ቋጠሮው ይመጣል።
ሰው መንቀጥቀጡን አይቶ ያዝንልኛል፤
እኔን የሚያስፈራኝ እጁ መርጋቱ ነው፣
በብርጭቆ ተሰፍሮ ሰላም መምጣቱ ነው።
አልጮኸም። አልመታኝም። የተሰበረ ሳህን የለም።
ይጠጣል፣ ይተኛል። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ክስ አይቆምም፤
ሾርባ ውስጥ እንደ ጨው
ሳይታይ ነው የሚሟሟው።

እሑድ ቀትር ላይ፣ አፉን ከፍቶ ሲያንኮራፋ፣
ኤሎይሳ በጣቷ ጫፍ ወደ ወንበሩ ተጠጋግታ፣
የቀራትን አንዷን ሹራቡ ላይ፣ ልቡ ጋ፣ ለጠፈችበት፤
"ስኳር የበዛበት"።
ነቃ። ደረቱን አየ። ፊደል በፊደል አነበበው።
"ስኳር? እኔ?" ብሎ ሳቀ፣ የቀሩት ሦስት ጥርሶች እስኪታዩ ነው፤
"ይቺ ሴትዮ አርባ ዓመት አብራኝ ስትኖር
ጣፋጭ ነህ ብላኝ አታውቅም ነበር!"
እንደለጠፈ ወጣ። ወደቡን ዞረ። ላገኘው ሁሉ አሳየ።

የሳቅነው እስከ ማክሰኞ ነው።
ሹራቡን አላወለቀም።
ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ ሌውካዲያ ጣቱን ወጋ አደረገች፣
ጠብታዋን አየች፣ ደረቱን አየች፣ ዝም አለች።
"ማን ነው የለጠፈብህ?"
"የልጅ ልጄ።"
"ቀድማኛለች።"

ከዚያ ጉበቱን ዳበሰች። "በቀን ስንት ብርጭቆ?" አለች፣
ብዕሯን አንስታ ጠበቀች።
የመረብ ዓይን እንደሚቆጥር በጣቶቹ ቆጠረ፤
ግማሹን ዋሸ፣ ግማሹን እኔ ሞላሁት፣ ሒሳቡ ሰመረ።
"በአንድ ቀን እንዳትቆርጠው፤
የለመደውን የተነጠቀ ሰውነት ይዋጋል፣ ይጥላል፤
በእኛ ዓይን ሥር፣ ቀስ በቀስ ነው" አለች፣ "ቀስ ያለ ይደርሳል።"

አሁን ብርጭቆው ላይ ኤሎይሳ የለጠፈችው ወረቀት አለ፣
ከታች ሦስት ጣት ከፍ ያለ፤
እዚያ ድረስ ነው።
ነርሷ ስትፈቅድ ልጅቷ ልጣ ዝቅ ታደርገዋለች፣
ሥራዋን ከእኔ ይልቅ በክብር ትይዘዋለች።
አንዳንድ ቀን ወይኑ ወረቀቱን ያልፋል፤ አይቼ አላየሁም።
አንዳንድ ቀን ይቆማል፤ ያኔም አላመሰገንኩም፣
ቃሌ ከብዶት እንዳይሰበር።

ሌሊት የቁም ሳጥኑ በር ሲጢጥ ይላል፣ አንዴ።
ትንፋሼን ይዤ ሁለተኛውን እጠብቃለሁ ከአልጋዬ።
ትናንት አልመጣም።
ዛሬ ገና ነው፤ ገና አልነጋም።